የሀገር ቅርስ ጥበቃ ከመዝገብ ይጀምራል



በመሳለሚያ የሚኖር ሰው በየማለዳው ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ከእህል በረንዳ በኩል ኩንታል የሚያራግፉ ወገኖቻችን ጥሪ ነው፤ ሁለተኛው ከመንደር መንደር እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው የ«ቆራሌው» ድምፅ ነው። ጠርሙሱ፣ ቆርቆሮው፣ የተሰበረው ወንበር፣ ያረጀው ድስት በጆንያው ይገባና ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ በዚያም የቀናው ታድሶ ይሸጣል፣ ያልቀናው ይቀልጣል። ይህ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ የምንነቅፈው ነገር የለንም። ይሁን እንጂ ሀገር ቅርሷን እንዴት እንደምትጠብቅ በዚህ እትም እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ መጀመሪያ ወደ አሳባችን የመጣው ይኸው ጆንያ ነው፤ ምክንያቱንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ክህነት በተቀበልን በሁለተኛው ዓመት ከዚህ ርቆ በሚገኝ አንድ ቁምስና ተመድበን ነበር። የዓመቱ ንግሥ በቀረበ ጊዜ ዕቃ ቤቱን እናጽዳ ብለን ወጣቶቹን ሰበሰብን። ዝገት የበላው የቆርቆሮ ክምር፣ እግሩ የተሰበረ መቅረዝ፣ ከእነዚህም ጋር አንድ የተሰነጠቀ የነሐስ ደወል ወጣ። ደወሉ ድምፁ ሻክሮ ስለነበር አዲስ ተገዝቶ ነበርና አሮጌው ምን ያደርግልናል ብለን ሁሉንም በሚዛን ሸጥነው። ገንዘቡም ለንግሡ ሻማ መግዣ ዋለ፤ በሥራችንም ደስ ብሎን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አረጋዊት እናት ቀርበው «አባ፣ ደወሉን የት አደረጉት?» ሲሉ ጠየቁን። ደወሉ ቁምስናውን የመሠረቱት አባቶች በበቅሎ ጭነው ያመጡት፣ በመጀመሪያው ቅዳሴ ቀን የተደወለ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማነው።

ዕቃው ወደ አዲስ አበባ ተጭኗል ስለተባለ ተሳፍረን መጣንና ምናለሽ ተራን ዞርን። አንድ ብረት የሚገዛ ነጋዴ በትሕትና ተቀብሎን «አባቴ፣ ምን ያህል ቁመት አለው? ምን ተጽፎበታል? ፎቶግራፉን ይዘዋል?» አለን። መልስ አልነበረንም። ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ በአጠገቡ ያለፍንበትን ዕቃ ቁመቱን አናውቅም፤ ጽሑፍ ይኑርበት አይኑርበት አላየንም። ነጋዴው እጁን ዘርግቶ የተከመረውን ብረት አሳየንና «እንግዲህ እዚህ በየቀኑ ይገባል፣ በየቀኑ ይወጣል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰውየው ሊረዳን ፈልጎ ነበር፤ የምንፈልገውን ነገር መግለጽ ያቃተን እኛ ነን።

አንድ ሀገርም በቅርሷ ረገድ ያለችበት ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም። አጥር፣ ዘበኛና የቅጣት አንቀጽ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ከአንድ ቀዳሚ ሥራ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ይኸውም ያለንን ዐውቆ መጻፍ ነው።

በሀገራችን ሕግ

ሀገራችን ስለ ጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 229ን ያወጣችው በ1958 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን በሌላ አዋጅ ተተካ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209 ወጥቶ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣንን አቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት ነው ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ የተሰየመው። ከእነዚህ አዋጆች በላይ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አለ፤ በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑን ያስቀምጣል። ይህን ቃል የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልብ እንዲሉት እንወዳለን፤ ግዴታው የዜጎች ሁሉ ከሆነ የቁምስናው ዕቃ ቤት ኃላፊም፣ ቆሞሱም፣ ወለል የምትጠርገው እናትም በውስጡ አሉበት ማለት ነውና።

የ1992ቱ አዋጅ ቅርስን በሁለት ይከፍላል፤ የሚዳሰስና የማይዳሰስ። የሚዳሰሰውም የማይንቀሳቀስ፣ ማለትም ሕንፃ፣ ሐውልት፣ የመቃብር ቦታ፣ ጥንታዊ ፍርስራሽ አለ፤ የሚንቀሳቀስም፣ ማለትም የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ሥዕል፣ ሳንቲም፣ የጦር መሣሪያና የመሳሰለው አለ። ብዙ ሰው «የቅርስ ቦታ» ሲባል አክሱምንና ጎንደርን ብቻ ያስባል። ይሁን እንጂ የሚዘረፈውና የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ነው፤ ፋሲል ግቢን በጆንያ የሚሸከም የለም።

በዚሁ አዋጅ ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ ወይም በድርጅት ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ታውቋል። ባለቤቱ ግን እንዲያስመዘግበው፣ በሚገባ እንዲይዘው፣ ለጥገናም ሆነ ለእድሳት እጁን ከማንሣቱ በፊት የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲጠይቅ ተደንግጓል። ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥ፣ ያለ ፈቃድም ከሀገር ማውጣት ተከልክሏል። ለመሠረት ወይም ለመንገድ ሲቆፈር ድንገት ጥንታዊ ነገር የተገኘ እንደሆነ ያገኘው ሰው ወዲያውኑ ማስታወቅና ባለበት መጠበቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ በመመደብ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የትኛውን፣ የክልል ቢሮዎች የትኛውን እንደሚያስተዳድሩ ለመለየት ሞከረ።

በወረቀት ላይ ይህ መልካም ነው። በተግባር ግን ከምእመናን አፍ ደጋግመን የሰማነው ሥጋት አለ፤ «ካስመዘገብን ይወስዱብናል» የሚል። በገጠር ያሉ ካህናትና የብራና መጽሐፍ ከአያት የወረሱ ቤተሰቦች መዝገብ ይዞ የመጣውን ባለሙያ ዕቃ ቤቱ ቁልፉ ጠፋ ብለው የመለሱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በከተማም ሌላ መልክ ያለው ፍርሃት አለ፤ አሮጌ ቤት ያለው ሰው «በቅርስነት ከተመዘገበ ማደስም መሸጥም አልችልም» ብሎ ከመመዝገቡ በፊት ማፍረስን ይመርጣል። ፍርሃቱን ከንቱ ነው ብለን ለማለፍ አንደፍርም። መመዝገብ ባለቤትነትን አይነጥቅም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ነገር ግን የጥገናው ወጪ በመጀመሪያ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ስለሆነ፣ የሸክላ ጣሪያው የሚያፈስበት ጡረተኛ «ጠብቅ» የሚል ወረቀት ብቻ ተሰጥቶት ርዳታ ካልተሰጠው መዝገቡን እንደ ቅጣት ቢቆጥረው አያስደንቅም። የቅርስ አስተዳደር ከባለቤቱ ጋር መስማማትን ካላስቀደመ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይቀራል ብለን እናምናለን።

በመዲናችን በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ የተነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። ስለ ልማቱ ጥቅምና ጉዳት መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ልናስተውለው የሚገባን ክርክሩ ወዲያው «የትኛው ቤት ተመዝግቦ ነበር?» ወደሚል ጥያቄ መድረሱን ነው። ቡልዶዘሩ በቆመበት ሰዓት ስለ ቤቱ ታሪክ መናገር የሚቻለው ታሪኩ አስቀድሞ የተጻፈ እንደሆነ ብቻ ነው።

ላሊበላና የቅን ልብ ስሕተት

ሀገራችን የዓለም ቅርስ ስምምነትን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በተከታዩ ዓመት የዩኔስኮ ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ከእነርሱ ጋር በዚያው ዕለት የተመዘገበው በጀርመን ሀገር የሚገኘው የአኸን ካቴድራል ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ ሀገራችን ያስመዘገበቻቸው ቦታዎች 12 ደርሰዋል፤ የመጨረሻው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ የማይፈጀው የመልካ ቁንጡሬና የባልጪት የቅድመ ታሪክ ቦታ ነው። የወጣት ማኅበራት ለጉብኝት ሲነሡ ሁልጊዜ ወደ ሐይቅ ዳር ብቻ ባይሄዱ መልካም ነበር፤ የጢያ ትክል ድንጋዮችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

በዓለም መዝገብ መግባት ክብር ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂነትም ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና የሰው አሰፋፈር በመጠጋቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው ከ21 ዓመታት በኋላ በ2017 ነው። በመካከሉ የፓርኩ ወሰን እንደገና ተከለለ፤ በጊጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎችም ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ዋልያው ሲተርፍ የገበሬው ኑሮ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የቅርስ አስተዳደር አንዱ ክፍል ነው፤ ይህ ጥያቄ ሲረሳ ቅርሱ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ይታያል።

ስለ ላሊበላ ግን ትንሽ ረዘም አድርገን እንናገር። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዝናብ እየሰረጋቸው ሲሰነጣጠቁ በ20ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ለጥገና የተሠማሩ ሰዎች በአንዳንዶቹ ጣሪያ ላይ ሬንጅ አፈሰሱ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ቀቡ። አሳባቸው ቅን ነበር፤ ቤቱ በሣር ክዳን ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ዳሩ ግን ድንጋዩ እርጥበቱን የሚተነፍስበት ቀዳዳ ስለተደፈነ ጉዳቱ ባሰ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢጣሊያዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጄሊኒ በመሩት ጥገና ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ያንን ሬንጅ ፍቆ ማንሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። መጠለያዎቹ ዝናቡን ከለከሉ፤ ነገር ግን ምሰሶዎቹ በተተከሉበት ዓለት ላይ ስለሚያሳድሩት ጭነትና ስለ ነፋሱ ካህናቱና የከተማው ነዋሪዎች ሥጋታቸውን ደጋግመው ገልጠዋል። አንድ ጥገና የቀደመውን ጥገና ለማረም የሚሠራበት ሁኔታ ይህ ነው።

ይህን ያነሣነው በየቁምስናው ስለምናየው ነገር ነው። አሮጌ ሥዕል ደበዘዘ ብሎ በቅባት ቀለም ማድመቅ፣ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን፣ የብራናን ገጽ በፕላስተር ማጣበቅ፣ የጥንት መስቀልን በአሸዋ ወረቀት ማንጻት፣ እነዚህ ሁሉ በፍቅር የሚደረጉ ናቸው። ሕጉ «ከመጠገን በፊት ጠይቁ» ሲል ለቢሮ ሥልጣን ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ የተፋቀ ቀለም አይመለስምና ነው። በጥንታዊነቱ እጅግ የታወቀው የአባ ገሪማ ወንጌል እንኳ በ1998 ዓ.ም. ገደማ ሲጠገን ባለሙያዎቹ ወደ ገዳሙ ሄደው በዚያው ሠሩ እንጂ መጽሐፉ ወደ ውጭ ሀገር አልተላከም። የጥንቃቄ ልክ በዚህ ይታወቃል።

ከእጅ የወጣውና የተመለሰው

እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የሚባለው የታወቀው መስቀል ተሰረቀ። ሀገር አዘነ። ቆይቶ በቤልጅግ ሀገር በአንድ የጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኘና እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ቦታው ተመለሰ። መስቀሉ የታወቀ፣ መልኩም የማይሳሳት ስለነበረ «ይህ የላሊበላ ነው» ለማለት ተቻለ። ከአንድ ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የወጣ፣ ማንም ያልጻፈው መስቀል ቢሆን ኖሮ በአውሮፓ መስኮት ውስጥ ተሰቅሎ ብናየው እንኳ የማን ነው ብለን እንከራከር ነበር?

በመቅደላ ጦርነት፣ በ1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር የወሰዳቸውን የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ሁላችሁም ትሰማላችሁ። በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ የማይታዩ 11 ታቦታት እስከ አሁን እንዳሉ ይታወቃል። ከመቅደላ ከወጡት አንዱ ታቦት ግን በኤዲንብራ ከተማ በአንድ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ያገልግሉ የነበሩት ቄስ አገኙት፤ በማግስቱ ዓመትም በታላቅ ደስታ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ቄሱ ኢትዮጵያን ያውቋት ስለነበር ነው ያዩትን ነገር የለዩት። ሌላ ሰው ያንን ቁም ሣጥን ቢያጸዳው ምን ይሆን እንደነበር ከደወላችን ታሪክ መገመት ይቻላል።

በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ጊዜ የነጃሺ መስጊድ መጎዳቱን፣ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማትም ከጉዳት አለመዳናቸውን ሰምተናል። ጦርነት ሲያልፍ የመጀመሪያው ሥራ የጠፋውን መቁጠር ነው፤ ቀድሞ ያልተቆጠረ ነገር ግን ጎደለ አይባልም። በዚህ ረገድ የካቶሊክ ምእመናን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሚኔሶታ የሚገኙ የቅዱስ ቤነዲክቶስ መነኮሳት፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምተው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ሥራው በአብዮቱ ዘመን ሁሉ ቀጥሎ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በመነኮሳቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያን ስብስብ በማንበብና በመዘርዘር አሳለፉ። መጻሕፍቱ ከየቦታቸው አልተነሡም፤ ዋናው ቢጠፋ እንኳ ንባቡ እንዳይጠፋ ሆነ። ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ስለ አንድ ሀገር ቅርስ እንዲህ በሰላም መሥራታቸው ራሱ የሚነገር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስና ሕገ ቀኖና

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ርእስ ለልጆች ሲያስተምሩ ከመጽሐፈ ዕዝራ እንዲነሡ እንመክራለን። በምዕራፍ 1 ላይ ናቡከደነጾር ከኢየሩሳሌም የዘረፋቸውን የቤተ መቅደሱን ዕቃዎች ንጉሡ ቂሮስ ሲመልስ የግምጃ ቤቱ ሹም ለይሁዳ መስፍን አንድ በአንድ ቈጥሮ እንዳስረከበ እናነባለን፤ የወርቁ ስንት፣ የብሩ ስንት፣ ጠቅላላው 5,400 እንደሆነ ተጽፏል። በምዕራፍ 8 ደግሞ ዕዝራ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ዕቃውን መዝኖ ለካህናት ሰጠ፤ በደረሱም ጊዜ እንደገና ተመዘነና ክብደቱ ሁሉ ተጻፈ። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ቁጥር ብቻ ነው ብለን እንዘለዋለን። ነገር ግን ካህናት እንኳ ተመዝኖ ሲሰጣቸው፣ ተመዝኖም ሲቀበሏቸው አልተቀየሙም፤ መቍጠር ያለመታመን ምልክት አይደለም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 ያለውም ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ በንጉሥ ኢዮስያስ ዘመን ቤተ መቅደሱ ሲታደስ የሕጉ መጽሐፍ በዚያው በቤቱ ውስጥ ተገኘ። የጠፋው በባዕድ አልተወሰደም፤ በገዛ ቤቱ ተረስቶ ነበር።

ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ ጳጳሳት የተቀደሱ ዕቃዎችና ውድ ሥራዎች እንዳይሸጡና እንዳይበተኑ ተግተው እንዲጠብቁ አዟል። ሕገ ቀኖናም ከዚያ በላይ ግልጽ ነው። በሀገራችን የግዕዝ ሥርዓትም የላቲን ሥርዓትም ስላለ ሁለቱንም እንጠቅሳለን፤ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 1025 እና 1026፣ የላቲኑ በቁጥር 1283፣ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው ትክክለኛ የንብረት ዝርዝር እንዲፈርም፣ አንዱ ቅጂ በቁምስናው መዝገብ ቤት፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ መዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ያዝዛሉ። በዘርአ ክህነት ይህን ተምረን በፈተናም መልሰነዋል። ደወሉን በሸጥን ቀን ግን አንድም ጊዜ አልታወሰንም።

በየቁምስናው ምን ይደረግ?

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባለ መቶ ቅጠል ደብተር፣ ሜትር፣ የእጅ ስልክና ሁለት ወይም ሦስት ታማኝ ሰዎች ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ሁሉ የቀረበ አንድ የአመዘጋገብ መስፈርት አለ፤ ፖሊስም፣ ጉምሩክም፣ ሙዚየምም የሚግባቡበት ነው። የሚጠይቀው ይህን ያህል ነው፤ ዕቃው ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ልኩ ስንት ነው? ምን ተጽፎበታል? ምን ይታይበታል? መቼና በማን ተሠራ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሌላው የሚለየው ጉድለት የትኛው ነው? የመጨረሻውን አትናቁት። ስንጥቁ፣ የተጣመመው ጫፍ፣ የሰም ነጠብጣቡ ነው ዕቃውን ከመንትያው የሚለየው። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1969 ለቅርስ ጥበቃ ብቻ የተለየ የካራቢኔሪ ክፍል አቋቁማ የተሰረቁ ሥራዎችን በፎቶግራፍ መዝግባ ትከታተላለች፤ ያ ክፍል ቢሆን ፎቶግራፍ ከሌለው ቄስ ዘንድ ምን ሊቀበል ይችላል?

ፎቶግራፉን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን አንሡ፤ በአጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ። ይሁን እንጂ «ቁምስናችን ያላት ቅርስ» ብላችሁ በፌስቡክ አታውጡት። ወጣቶቻችን በመልካም አሳብ ይህን ሲያደርጉ አይተናል፤ ሌባም ያያል። መዝገቡ በቆሞሱና በሀገረ ስብከቱ ዘንድ በምስጢር የሚቀመጥ ነው። በየዓመቱ በጳጉሜን፣ ነጋዴውም ዓመቱን በሚተሳሰብበት ሰሞን፣ ሁለት ሰዎች መዝገቡን ይዘው ዕቃ ቤቱን ይቍጠሩ፤ ቆሞስ ሲቀየርም በዚያው መዝገብ ይረካከብ።

ምን ይመዘገባል የሚል ጥያቄ ይነሣል። የወርቅና የብር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መዝገበ ጥምቀት ከማንኛውም ጽዋ በላይ ሊበልጥ ይችላል፤ የአያቶቻችሁ ስም በዚያ ነው ያለው። በእጅ የተጻፈ የዜማ ደብተር፣ የመሥራቾቹ ፎቶግራፍ፣ በስቴንስል የተባዛ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ፣ እነዚህን አትርሱ። በብራና የተጻፈ ነገር ካላችሁ፣ ወይም የቆየ ሕንፃ ለማደስ ካሰባችሁ፣ ወይም ሲቆፈር አንዳች ነገር ብቅ ካለ አስቀድማችሁ ለሀገረ ስብከቱና በወረዳው የባህልና ቱሪዝምን ሥራ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስታውቁ።

የማይዳሰሰውም እንዲሁ ነው። ከሰፈራችን ስም እንጀምር፤ መሳለሚያ ሰው ቆሞ የሚሳለምበት ቦታ ማለት ነው። ዛሬ በዚህ የሚቆመው ታክሲ የሚጠብቅ ሰውና ጭነቱን የሚጠብቅ አህያ ነው። ገበያውም ራሱ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደዚህ እንዲዛወር የተደረገ ነው፤ ከሸማ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ ያለው የተራ ስም ሁሉ የሰው ፍልሰትና የሙያ ታሪክ ይዟል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ በተነሣው እሳት ነጋዴዎች ንብረታቸውን ሲያጡ ከሱቆቹ ጋር ስንት የውል ደብተርና የቤተሰብ ፎቶግራፍ እንደተቃጠለ ማን ቆጠረው? የሰንበት ትምህርት ልጆች ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የሰፈራቸውን ስሞች ታሪክ ቢጽፉ፣ ጸሐፊውንና ተናጋሪውን ከነቀኑ ቢመዘግቡ፣ ለአንድ ወር የሚበቃ ትምህርት ይሆናል። እኛ ባለንበት ቁምስና ይህን ካለፈው ጳጉሜን ጀምሮ እያደረግን ነው፤ ሁለት እናቶች ስለ አንድ በረንዳ ስም ተከራክረው ሁለቱንም ቃል ጽፈናል።

ስለ ደወሉ ደግሞ ዘንድሮ ለንግሥ ወደዚያ ቁምስና በሄድን ጊዜ አረጋዊቷን እናት በሕይወት አገኘናቸው። ደብተር ይዘን አጠገባቸው ተቀመጥን። በአፉ ዙሪያ ሦስት መስቀሎች እንደነበሩት፣ ስንጥቁ ከአንደኛው መስቀል ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ እንደሚሄድ፣ መያዣው በጠፍር ተጠግኖ እንደነበር ነገሩን፤ ሌላ አረጋዊ አባት ደግሞ በውስጡ የላቲን ፊደል ማየታቸውን ጨመሩ። ሁሉንም ከነስማቸውና ከነቀኑ ጽፈን አንዱን ቅጂ ለቆሞሱ ሰጠን። ቁመቱን የሚያስታውስ ግን አልተገኘም።